ስድስት ሰው፣ አንድ ፊልተር

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ አይነት ነገር ጠየቀኝ፣ ሁለቱ የሰፈራችን ወላጆች ናቸው አንዷ የስራ ባልደረባዬ፣ "ቤት ያለውን ዋይፋይ ለልጆች እንዴት አድርገህ ነው ያስተካከልከው?" ነው ጥያቄው፣ እና ለሁሉም በስልክ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ያለፍኩበትን ነው የምነግራችሁ፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር።

ቤታችን ስድስት ሰው አለ። እኔና ባለቤቴ፣ እናቴ፣ 14 ዓመት የሆነው ልጃችን፣ 7 ዓመቷ ትንሿ፣ እና ከወልድያ መጥቶ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ እኛ ጋ ያለ የእህቴ ልጅ። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጀመርኩት ባለፈው ክረምት ነው። ዝናብ ነበር፣ ትምህርት የለም፣ ትንሿ ሶፋው ላይ ታብሌት ይዛ ካርቱን እያየች ነው፣ ከዛ ተነስታ መጣችና ታብሌቱን ጉልበቴ ላይ አድርጋ "አባዬ ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። ካርቱኑን ከምታይበት ሳይት ላይ በራሱ የተከፈተ ማስታወቂያ ነው። ምን እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። እሷ አልደነገጠችም፣ ዝም ብላ መልስ ነው የምትጠብቀው፣ እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። የዛኑ ቀን ማታ ራውተሩ ጋ፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን ጋ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፣ ዲኤንኤስ መቀየር። ለማታውቁት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የማታውቁት ሰፈር ሄዳችሁ ቤት ስትፈልጉ ባለሱቁን አይደል የምትጠይቁት፣ "የእነ እከሌ ቤት በየት በኩል ነው?" ብላችሁ። ዲኤንኤስ ባለሱቁ ነው። ስልካችሁ የሳይቱን ስም ይዞ ይጠይቃል፣ እሱ አድራሻውን በቁጥር ይነግረዋል። የሚያጣራ ዲኤንኤስ ማለት ደግሞ አንዳንድ ቤቶችን ሲጠይቁት "አላውቀውም" የሚል ባለሱቅ ነው፣ ቤቱ እዛው አለ ግን መንገዱን ካልነገራችሁ አትደርሱም። ነፃ የሆኑ አሉ። ክላውድፍሌር የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው 1.1.1.3 የአዋቂ ሳይቶችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን ይዘጋል፣ 1.1.1.2 ደግሞ ቫይረሱንና የማጭበርበሪያውን ብቻ ነው የሚዘጋው። ክሊንብራውዚንግ የሚባለው የቤተሰብ መስመር አለው፣ 185.228.168.168 ነው፣ እሱ ጠበቅ ያለ ነው፣ ጉግል ላይ ሴፍ ሰርችን፣ ለልጅ የማይሆን ውጤት የሚደብቀውን፣ በግድ ያበራል፣ ዩቲዩብንም ወደ ገደብ ያለው ሁኔታ ያስገባዋል፣ ማለፊያ የሚሆኑ ፕሮክሲና ቪፒኤን ሳይቶችንም ይዘጋል። እኔ በንዴት ላይ ስለነበርኩ ጠበቅ ያለውን ለቤቱ ሁሉ አደረግኩት። ራውተሩ ላይ አንድ ቦታ ጽፌ ሴቭ፣ አለቀ።

አላለቀም።

ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ በእሮሮ ተሞላ። ባለቤቴ ነርስ ነች፣ ማታ ማታ ታነባለች፣ ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ ምስል ስትፈልግ ምንም አይመጣላትም። የእህቴ ልጅ የባዮሎጂ ትምህርት በቪዲዮ ነው የሚከታተለው፣ የስነ ተዋልዶ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ቪዲዮው የለም ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ዝምተኛ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነግረኝ ከመጽሐፉ ብቻ ሲያነብ ቆይቶ በአራተኛው ቀን "ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ያ ነገር ቢስተካከል" አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። በጣም ነው ያዘንኩት። ምን ሊያይ ፈልጎ ነው ብለን የምናስብ እንዳይመስለው ፈርቶ እኮ ነው ዝም ያለው። እናቴ መዝሙርና ስብከት ነው የምትሰማው፣ ከስር ሰዎች የሚጽፉትን "አሜን" "ቃለ ህይወት ያሰማልን" የሚለውን ማንበብ ትወዳለች፣ ገደቡ ሲበራ አስተያየቶቹ ሁሉ ይጠፋሉ፣ "ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?" ነው ያለችኝ።

አንድ ሰው ብቻ ነው ምንም ያላለው። የ14 ዓመቱ። ሌላው ሁሉ ሲያማርር እሱ ድምፁ የለም፣ እና የነቃሁት በሱ ዝምታ ነው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶት አየሁ፣ ከላይ ትንሽዬ የቁልፍ ምልክት አለች። ቪፒኤን።

ወላጆች ይሄን ልብ በሉልኝ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቴሌግራም ፌስቡክ ቲክቶክ ዩቲዩብ ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ያልጫነ ማን አለ? እኔም ጭኛለሁ፣ ባለቤቴም ጭናለች፣ ልጄም ያኔ ትንሽ ልጅ ሆኖ የኔን ስልክ አንስቶ "አባ ልክፈትልህ?" ይለኝ ነበር። የኛ ልጆች ፊደል በቆጠሩበት እድሜ ነው ቪፒኤን የለመዱት፣ ለነሱ የተለየ ነገር አይደለም፣ ሳይት እምቢ ሲል የሚጫን በተን ነው። እና ቪፒኤን ሲበራ ባለሱቁን መጠየቅ ቀረ ማለት ነው፣ ጥያቄውም መልሱም በታሸገ ፖስታ ሌላ አገር ሄዶ ይመጣል፣ የናንተ ፊልተር ምንም አያይም። ከዛ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ እነዚህ ነፃ የሚባሉት አፖች የሰውየውን ትራፊክ ሁሉ በራሳቸው በኩል ማሳለፋቸው ነው፣ ልጄ ከኔ ፊልተር ሸሽቶ ማን እንደሆነ ለማላውቀው ሰው በሩን ከፍቶ ሰጠ።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ያሰብኩት። የተሳሳትኩት የዘጋሁት ነገር ላይ አልነበረም። ስድስት ሰው ያለበትን ቤት እንደ አንድ ሰው መቁጠሬ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ልክ ለነርስ ሲሰፋ አይሆንም፣ የ14 ዓመት ልጅም በ7 ዓመቷ ልክ ሲለካ መሸሹ አይቀርም። ስለዚህ ራውተሩን ትቼ ወረቀት አወጣሁ፣ መጀመሪያ የሰዎቹን ስም ጻፍኩ፣ ከዛ እያንዳንዱ ምን ይሰራበታል፣ ከምን ነው የምጠብቀው ብዬ በየስማቸው ትይዩ። እናቴን ከአዋቂ ሳይት የሚጠብቃት ሰው አያስፈልጋትም፣ እሷን የሚያሰጋት "ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል፣ እዚህ ይጫኑ" የሚለው ገጽ ነው፣ ሁለት ጊዜ ተጭናዋለች። የእህቴ ልጅ የሚያስፈልገው ክፍት የትምህርት ቪዲዮና ጥሩ ፍጥነት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስጽፍ ስድስቱ ሰው ወደ ሦስት ፕሮፋይል ወረደ፣ ትንሿ፣ ልጁ፣ ትልልቆች። እናቴና የእህቴ ልጅ ትልልቆች ውስጥ ገቡ።

አሁን ስራው። ቤት የመጣልን ራውተር ዲኤንኤሱን ለቤት ሁሉ አንድ ላይ እንጂ ለየሰዉ መቀየር አይፈቅድም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ራውተር ገዝቼ ከኋላው ሰካሁ፣ ከአንድ በላይ የዋይፋይ ስም ማውጣት የሚችል። ሦስት የዋይፋይ ስም፣ ሦስት ፓስወርድ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ዲኤንኤስ። ለትንሿ ያ ጠበቅ ያለው 185.228.168.168፣ ለልጁ 1.1.1.3፣ ለትልልቆች 1.1.1.2። እናቴ አስተያየቶቿን አገኘች፣ ባለቤቴም ምስሎቿን። የገዛችሁት ራውተር ይሄን የማይችል ከሆነ ብዙዎቹ ላይ የእንግዳ ዋይፋይ የሚል አለ፣ ቢያንስ ለሁለት መክፈል ይቻላል።

ግን ዋይፋይ መክፈል ግማሹ ብቻ ነው። ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ላይ ሁላችንም በአንድ አካውንት ነበር የምንገባው፣ ያውም አድሚን በሆነው። አድሚን የሆነ ሰው ዲኤንኤሱን ራሱ ይቀይራል፣ የፈለገውን ይጭናል፣ ስለዚህ ራውተሩ ላይ የደከምኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ለልጁና ለትንሿ ስታንዳርድ ዩዘር፣ እንዲህ ያለውን መቀየር የማይችል፣ ከፈትኩ፣ ለእህቴ ልጅም የራሱን፣ አድሚኑን ለብቻው አደረግኩና ፓስወርዱን እኔና ባለቤቴ ብቻ ያዝነው። ታብሌቱም ላይ ዩዘር መጨመር ይቻላል፣ ትንሿ የራሷ አላት፣ ስትከፍተው የሷ ፎቶ ነው የሚመጣው። ይሄን በጣም ወደደችው፣ የኔ ቤት ትለዋለች።

ራውተሩ ላይ ምን ይለፍ ምን ይዘጋ የሚሉትን ህጎች ስትጽፉ ቅደም ተከተሉን ተጠንቀቁ። ራውተሩ ወረቀት የያዘ ዘበኛ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ የመጀመሪያ የገጠመው መስመር ላይ ይቆማል፣ ከስር ያለውን አያየውም። ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድሮይድ ከ9 ጀምሮ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለው፣ እዛ ላይ የክላውድፍሌርን የቤተሰብ መስመር፣ የ1.1.1.3ን፣ በስም የሚጻፍ አድራሻ ካስገባችሁ ስልኩ ከቤት ውጪ በዳታም ሲሆን ፊልተሩ አብሮት ይሄዳል። ልጄ ስልክ ላይ አደረግነው፣ አብረን። ግን ይሄ ነገር የሚሄደው በፖርት 853 ነው፣ ፖርት ማለት ቁጥር ያለው በር በሉት፣ እኔ ደግሞ ሌላ ዲኤንኤስ እንዳይጠቀሙ ብዬ በልጁ መስመር ላይ 853ን ከነአካቴው ዘግቼዋለሁ። ውጪ ኢንተርኔት አለው፣ ቤት ሲገባ የለውም። ሁለት ቀን ፈለግኩት። ከ1.1.1.3 እና ከሁለተኛ ቁጥሩ ከ1.0.0.3 ጋር ሲሆን ፍቀድ የሚለውን መስመር ጽፌዋለሁ እኮ፣ ግን ዝጋ ከሚለው በታች ነበር። ወደ ላይ ሳወጣው በአንድ ሰከንድ ሰራ። የተለየ ፈቃድ ከላይ፣ ጠቅላላ ክልከላ ከታች፣ ይሄን ካወቃችሁ ግማሹን አወቃችሁ።

ተራው ዲኤንኤስ በፖርት 53 ነው የሚሄደው፣ ልጁ ስልኩ ላይ በእጁ ሌላ ቁጥር ቢጽፍም ራውተሩ ጥያቄውን ይዞ እኔ ወደመረጥኩት እንዲልከው አድርጌያለሁ። ብራውዘሮች ራሳቸው በውስጥ የሚጠይቁበት መንገድ ግን አለ፣ እንደ ተራ ዌብሳይት በ443 ስለሚሄድ ከሌላው አይለይም፣ እሱን በስም እየለቀሙ መዝጋት ነው፣ ሁሉንም አገኘሁ አልልም።

የሰዓት ነገር። ለልጁ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጋ ብለን ተስማምተን ነበር፣ ራውተሩ ላይ 21:00 ብዬ ጻፍኩ፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን ራውተሩ ሲመጣ የግሪንዊች ሰዓት ላይ ነበር፣ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ሆነ። እሱን አስተካከልኩ፣ ሌላ መጣ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሰዓቱን ይረሳል፣ በውስጡ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የለውም፣ ተነስቶ የዛሬ ስንት ዓመት ላይ ነኝ ብሎ ያስባል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያመጣ ካላደረጋችሁት የሰዓት ህግ እኛ አገር አይሰራም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ይፈርሳል።

መሳሪያ በመለየት እንዳትተማመኑ ደግሞ። ድሮ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ የማይቀየር ማክ አድራሻ ነበረው፣ በሱ "ይሄ የልጁ ስልክ ነው" ማለት ይቻል ነበር። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ግን ስልኮች ዋይፋይ ላይ ሲገቡ የውሸት አድራሻ ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ የማታውቁት አዲስ ስልክ መስሎ ሊመጣ ይችላል። የኔ መልስ ቀላል ነው፣ ትልልቆቹ መስመር ላይ ያልተመዘገበ ስልክ ፓስወርዱን ቢያውቅም አይገባም፣ እንግዳም ይሁን ማንም የልጁ መስመር ላይ ነው የሚያርፈው። እንግዳ ቅር ብሎት አያውቅም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እነዚህ ፊልተሮች የኛን ነገር አያውቁም። አማርኛ አያነቡም፣ ደግሞም ማንበብ አይችሉም፣ ምክንያቱም ዛሬ አብዛኞቹ ሳይቶች የታሸጉ ናቸው፣ ባለሱቁ የማን ቤት እንደጠየቃችሁ ነው የሚያውቀው፣ እቤት ገብታችሁ ያወራችሁትን አይሰማም። ቴሌግራም ለሱ አንድ ቤት ነው፣ ውስጡ የትምህርት ቻናልም አለ መርዝም አለ፣ ወይ ሁሉን መዝጋት ወይ ሁሉን መክፈት ነው። የልጁ ትምህርት ቤት የቤት ስራ የሚልከው በቴሌግራም ስለሆነ ከፍቻለሁ።

ከሁሉም የከፋው ቤቲንግ ነው። 1.1.1.3 ቁማርን አይዘጋም፣ ስራው አይደለም። ቁማር የሚዘጉትም ዝርዝራቸው ውስጥ የውጪዎቹ ናቸው የሚበዙት፣ እዚህ ሰፈራችን ልጆች ስልክ ላይ ያሉትን ብዙዎቹን አላገኘሁባቸውም። ያወቅኩትም በአጋጣሚ ነው። አንድ ማታ ወደ 5 ሰዓት ላይ የራውተሩን መዝገብ ከፍቼ ማን የት እንደገባ እያየሁ ነበር፣ የልጄ ስልክ አንድ ስም ላይ ሲመላለስ ነው የዋለው፣ ቅዳሜ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያለ ቀን። ሳይቱን ከፈትኩት። የጨዋታ ዝርዝርና ቁጥር። 14 ዓመቱ ነው።

በነጋታው ስጠይቀው መጀመሪያ ያለው ስለ ቤቲንግ አይደለም። "አባ፣ ስልኬን ታነብ ነበር?" ነው ያለው። "ስልክህን አላነበብኩም፣ የገባህባቸውን ስሞች ነው ያየሁት" አልኩት። "ያው ነው" አለኝ። ብዙ አሰብኩበት፣ ልክ ነው፣ ያው ነው። ባለቤቴ ከጎን ሆና እየሰማች ነበር፣ የቡና ሲኒዋን አስቀመጠችና "የኔንም ታያለህ ማለት ነው?" አለችኝ። ይመዘገባል አልኳት። "ታካሚዬ ለሰው ያልተናገረችውን በሽታ እቤት መጥቼ ሳነብ፣ አንተ ስሙን ታያለህ?" መልስ አልነበረኝም።

እናንተም እዚህ ጋ ሳትደርሱ ማሰብ ያለባችሁ ይሄንን ነው፣ ፕሮፋይል ማለት ምን ይዘጋ ብቻ አይደለም፣ የማን ይመዘገባል የሚለውም ነው። የትልልቆቹን መዝገብ ጭራሽ አጠፋሁት፣ የባለቤቴንም የእናቴንም የእህቴንም ልጅ። የልጁ ላይ የተዘጉት ብቻ ይመዘገባሉ፣ ከ7 ቀን በኋላ ይጠፋሉ፣ እሱ መኖሩን ያውቃል፣ ሲፈልግ አብሮኝ ያያል። ለቤቲንጉ በእጅ ዝርዝር ጀመርን፣ የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ እኔ የማውቃቸውን ልጻፍልዎት" ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈልኝ፣ ከክፍል ጓደኞቹ የሰማቸውን። አዲስ ስም በየጊዜው ይወጣል፣ እየጨመርን ነው። ከዝርዝሩ በላይ የጠቀመን ግን አንድ እሁድ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ሂሳቡን መስራታችን ነው፣ አምስት ጨዋታ አንድ ላይ ሲያዝ ሁሉም የመግጠም እድሉ ስንት እንደሆነ በወረቀት አባዛነው፣ እያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ቢሆን እንኳ ከ32 አንዴ ነው። ዝም ብሎ ቁጥሩን ሲያይ ቆየ። ቪፒኤኑንም ያኔ ነው ራሱ ያጠፋው፣ እኔ ብዙ ቪፒኤኖች የሚሄዱባቸውን ፖርቶች 1194 እና 51820 ዘግቼ ነበር ግን የሱ አፕ በ443 ስለሚሄድ አልነካውም ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። እነዚህ ዲኤንኤሶች ሲዘጉ "ተዘግቷል" የሚል ጽሁፍ አይመጣም፣ ገጹ ዝም ብሎ እምቢ ይላል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እንደሚሆነው። ኔትወርክ ደግሞ የእውነትም ይጠፋል፣ ልጅ የቱ እንደሆነ በምን ይለይ? ስለዚህ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍን። ከላይ በየፕሮፋይሉ ምን ዝግ እንደሆነ በአማርኛ ተጽፏል፣ ከስር ባዶ መስመር ነው፣ አልከፈት ያለውን ሳይት ይጽፉበታል፣ እኔ ወይ ባለቤቴ የዛኑ ቀን መልስ እንሰጣለን፣ ከነምክንያቱ። እስካሁን 23 መስመር ሞልቷል፣ 16ቱን ከፍተናል። ትንሿ ፊደሏን እየለመደች ስለሆነ "የድመት ቪዲዎ" ብላ ጽፋለች፣ ዮን ገና አልደረሰችበትም፣ የጠየቀችው ቻናል ተከፍቶላታል።

ልጄ ባለፈው ሳምንት የጻፈው የሳይት ስም አይደለም። "15 ስሞላ እስከ 4 ሰዓት" ነው ያለው። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ከስሩ እሺ ብለን ሁለታችንም ፈረምንበት። ልደቱ ጥምቀት ሰሞን ነው፣ የዛን ቀን ማታ 21:00 የሚለውን 22:00 የሚያደርገው እሱ ራሱ ነው፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አሳየዋለሁ።